ውሻ መዳፉን ለምን ይልሳል? «መድኃኒት» ብለን ስለምናድለው መርዝም ጭምር

መግቢያ

በዚህ ተከታታይ ጽሑፍ ዘወትር የምናወሳው ስለ ዘር መጠን፣ ስለ ማዳበሪያ አጨማመር፣ ስለ ዋግና ስለ አረም መሆኑ ይታወቃል። ዛሬ ግን ስለ ውሻ፣ ያውም ውሻ መዳፉን ስለሚልስበት ምክንያት ለመጻፍ ተነሥተናል። አንባቢያችን «የሰብል ባለሙያዎችን ከውሻ ጋር ምን አገናኛቸው?» ቢለን አንፈርድበትም። እኛም ራሳችን ይህንኑ ብለን በኋላ ያፈርንበት ቀን ስላለ ነው ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው።

ሐሳባችን ባጭሩ የሚከተለው ነው። ውሻ መዳፉን ደጋግሞ የሚልሰው የሚያሳክከው፣ የሚወጋው፣ የሚያቃጥለው ወይም የሚያስጨንቀው ነገር ስላለ ነው። ምክንያቱን ሳይመለከቱ ከመጋዘን የተገኘ ኬሚካል መቀባት መርዝ ማጉረስ ማለት ነው፤ ውሻ በመዳፉ ላይ የተቀባውን ሁሉ ይልሰዋልና። ለዚህ ስሕተት ትልቁን በር የከፈትነው ደግሞ መርዙን «መድኃኒት» እያልን ለገበሬው ያስተዋወቅነው እኛው ባለሙያዎች ነን።

በዘር መጋዘኑ በር ላይ የሆነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአጨዳ ወቅት የስንዴ ዘር ብዜት ለመጎብኘት ወደ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሄደን ነበር። የዘር መጋዘኑን የሚጠብቁት አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ከእርሳቸውም ጋር አንድ ነጭ ውሻ ነበር። ውሻው ሌሊት ሌባውንም ጅቡንም የሚመልስ፣ ቀን ደግሞ ከአውድማው ዳር የማይጠፋ ነበር። በዚያን ዕለት ግን በመጋዘኑ በር ሥር ተኝቶ ቀኝ የፊት እግሩን ያለ ማቋረጥ ይልስ ነበር። በጣቶቹ መካከል ያለው ነጭ ጠጉር ወደ ቡናማነት ተለውጧል።

አዛውንቱም «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ይህ ውሻ መዳፉን መላስ ከጀመረ ሳምንት አለፈው፤ ምን ይሻለዋል?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም «አባባ፣ እኛ የመጣነው ለስንዴው ነው፤ ለውሻማ ምላሱ ይበቃዋል» ብለን ስቀን አለፍን። ጎንበስ ብሎ መዳፉን ያየ ከመካከላችን አንድም አልነበረም።

በሦስተኛው ሳምንት ስንመለስ ውሻው የለም። እንደ ነገሩን ከሆነ፣ እኛ ከሄድን በኋላ ቁስሉ መግል ያዘ። ከዚያም አንድ ሰው ለጎተራ ከመጣው ማላታይን ጥቂት ወስዶ ከተቃጠለ የሞተር ዘይት ጋር በመለወስ መዳፉን ቀባው። ውሻውም እንደ ልማዱ ሌሊቱን ሲልሰው አደረ። ሲነጋ ለሃጩ እየተዝረበረበ፣ ሰውነቱ እየተንቀጠቀጠ፣ መቆም አቅቶት ተገኘ። ከቀትር በፊትም ሞተ። አዛውንቱ ቁጣ አላሳዩንም። «መድኃኒት ነው ተባልን፤ መድኃኒት ብላችሁ ያመጣችሁልን እናንተው ናችሁ» አሉን እንጂ ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኛም መልስ አልነበረንም።

ጊዜው የአጨዳ ወቅት፣ ቦታውም አውድማ እንደ መሆኑ መጠን፣ በውሻው ጣቶች መካከል ገብቶ የነበረው የገብስ ጢም ወይም የስናር ፍሬ ሳይሆን አይቀርም ብለን ዛሬ እንገምታለን። ገና በመጀመሪያው ቀን ተመልክተነው ቢሆን ኖሮ በወረንጦ ሊወጣ ይችል የነበረ ነገር ነው። ስለሆነም ይህ ጽሑፍ ለአዛውንቱ ያኔ ልንሰጣቸው ይገባ የነበረው መልስ ነው።

ውሻ መዳፉን የሚልስባቸው ምክንያቶች

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ መላስ ሁሉ የሕመም ምልክት አለመሆኑ ነው። ውሻ ከመንገድ ሲመለስ፣ ከበላ በኋላ ወይም ለመተኛት ሲዘጋጅ መዳፉን ጥቂት ልሶ ይተወዋል። ይህ ሰውነቱን የሚያጸዳበት መንገድ ነው። የሚያሳስበው መላሱ በየቀኑ ሲደጋገም፣ አንዱን እግር ብቻ ለይቶ ሲይዝ፣ ጠጉሩ ሲረግፍ ወይም ቀለሙ ሲለወጥ፣ ቆዳው ሲቀላ፣ ሲያነክስ ወይም መጥፎ ሽታ ሲመጣ ነው። በነጭ ጠጉር ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለም ምራቅ በተደጋጋሚ ሲነካው የሚፈጠር ነው። በመሆኑም ቀለሙ ራሱ በሽታ ባይሆንም ውሻው ለብዙ ቀናት ሲልስ እንደ ቆየ ይመሰክራል። ከዚህ በታች በገጠራችን ዘወትር ሊያጋጥሙ የሚችሉትን ምክንያቶች በየተራ እንመለከታለን።

1. የተሰካ ነገር

አንዱን እግር ብቻ ድንገት መላስ ከጀመረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሾህ፣ ስባሪ ጠርሙስ፣ ኩርንችት ወይም የሣር ፍሬ ነው። እዚህ ላይ የሰብል ባለሙያው ከማንም የተሻለ ዕውቀት አለው። የገብስን ጢም በሁለት ጣቶቻችን መካከል ይዘን ወደ አንድ አቅጣጫ ብንስበው ልስልስ ነው፤ ወደ ሌላው ብንስበው ግን እንደ መጋዝ ይይዛል። በጢሙ ላይ ያሉት ጥቃቅን ጥርሶች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነበሉ ናቸውና። በመሆኑም በውሻ ጣቶች መካከል ከተሰካ በኋላ እርምጃው ሁሉ ወደ ውስጥ ይገፋዋል እንጂ ወደ ውጭ አያወጣውም። በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች የምንታገለው ስናር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። የፍሬው ጢም እርጥበት ሲያገኝ የሚፍታታ፣ ሲደርቅ ተመልሶ የሚጠመዘዝ ስለሆነ ፍሬውን ወደ አፈር ውስጥ ይቀብረዋል። አፈሩን ሊሰረስርበት የተሰጠውን ኀይል በቆዳ ላይም ይሠራበታል።

እንዲህ ያለው ነገር ከገባ በኋላ ቀዳዳው ሊደፈን ይችላል። ጥቂት ቆይቶ በጣቶቹ መካከል እብጠት ይወጣል፤ ይፈነዳል፤ መግል ያወጣል፤ የዳነ መስሎ እንደገና ያብጣል። እንዲህ የሚመላለስ ቁስል ሲታይ ውስጡ የቀረ ነገር አለ ማለት ነው። የገባው እስካልወጣ ድረስ ከላይ የሚቀባ ነገር ሁሉ ዋጋ የለውም።

2. መዥገር፣ እከክ፣ ሙጃሌና መንጠቆ ትል

መዥገር ቀጭንና ሞቃት ቆዳ ስለሚወድ በጣቶች መካከል ተደብቆ ይገኛል። የእከክ ተባይ በበኩሉ በዐይን የማይታይ ሲሆን ቆዳውን ሰርስሮ በመግባት ኀይለኛ ማሳከክ ያመጣል። ጠጉሩም እየረገፈ ቆዳው ይወፍራል። ይህ ተባይ ውሻውን ከሚነካኩ ሰዎች ላይም ወጥቶ ለጊዜው ሊያሳክካቸው ይችላል።

ሙጃሌ የተለየ ትኩረት ያስፈልገዋል። ይህ የቁንጫ ዘር ወደ አፍሪካ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1872 ከብራዚል በተነሣ መርከብ አሸዋ አማካይነት አንጎላ እንደ ገባ ይነገራል። በአገራችን በተለይ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ በሚገኙ አካባቢዎች የታወቀ ነው። ሴቷ ሙጃሌ ስትገባ ርዝመቷ ከ1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በቆዳ ውስጥ ሆና እንቁላሏ ሲሞላ ግን የአተር ፍሬ ያህል ታብጣለች። እንቁላሎቹ መሬት ላይ ወድቀው በደረቅና በላላ አፈር፣ በቤት ወለል አቧራ ውስጥ ያድጋሉ። ውሻም ሰውም ለእርሷ ልዩነት የላቸውም። ስለሆነም የልማት ሠራተኛው በአንድ ግቢ ውስጥ መዳፉን የሚልስ ውሻ አይቶ በመርገጫው ዙሪያ መካከላቸው ጥቁር ነጥብ ያለባቸው ነጫጭ እብጠቶች ካገኘ፣ ቀጥሎ መመልከት ያለበት በባዶ እግራቸው የሚሄዱትን የግቢውን ልጆች እግር ነው። ውሻውን ብቻ ወይም ልጆቹን ብቻ ማከም ከንቱ ድካም ይሆናል። ወለሉ ካልተጠረገና አቧራው ካልጠፋ ሙጃሌዋ ተመልሳ ትመጣለች።

መንጠቆ ትልም እንደዚሁ ነው። ከውሻ ዐይነ ምድር የሚወጣው እንቁላል በእርጥብ አፈር ውስጥ ይፈለፈላል። እጩም በመዳፍ ቆዳ በኩል ይገባል፤ ሲገባም ያሳክካል፤ ያቀላል። በባዶ እግሩ የሚረግጥ ሰው ቆዳ ውስጥም ገብቶ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ቀይ መስመር ሊያወጣ ይችላል።

3. እርጥበት፣ ሻጋታና አለርጂ

ውሻ እንደ ሰው በመላ ሰውነቱ አያልበውም፤ የላብ ዕጢዎቹ በዋናነት የሚገኙት በመዳፉ መርገጫ ላይ ነው። በክረምት በጭቃና በጥቀርሻ አፈር ላይ ሲውል ላቡና እርጥበቱ በጣቶቹ መካከል ተጠራቅሞ ለሻጋታ መሰል ጥቃቅን ሕዋሳትና ለባክቴሪያ ምቹ ይሆናል። ይህም ያሳክከዋል፤ ሲያሳክከው ይልሳል፤ ሲልስ እርጥበቱ ይጨምራል፤ እርጥበቱ ሲጨምር ማሳከኩ ይብሳል። እንዲህ እየተሽከረከረ የሚሄድ ጣጣ ነው። አራቱንም መዳፍ አመጣጥኖ የሚልስ፣ ጆሮውንና ብብቱንም የሚያክ ውሻ ሲያጋጥም ደግሞ አለርጂ ይጠረጠራል። ይህም ከቁንጫ ንክሻ፣ ከአቧራ፣ ከአበባ ብናኝ ወይም ከምግብ ሊመጣ ይችላል።

4. የረገጠው ኬሚካል

ይህ በቀጥታ የእኛው ጉዳይ ነው። ገበሬው በጤፍና በስንዴ ማሳው ላይ ጸረ-አረም ሲረጭ ውሻው ከኋላው ይከተላል። ገና ያልደረቀውን ቅጠል ይረግጣል፤ ማታ ከቤት ሲገባ መዳፉን ልሶ ያጸዳል። የሰፊ ቅጠል አረምን ለማጥፋት በብዛት የምንጠቀምበት ቱ ፎር ዲ በተለይ ለውሻ የከፋ መሆኑን ብዙዎቻችን አናስተውልም። ምክንያቱም የውሻ ኩላሊት ይህን ዐይነት አሲድ እንደ ሰውና እንደ ሌሎች እንስሳት በቶሎ ማስወጣት ስለማይችል በደሙ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ብዙ የላሰ ውሻ ያስታውካል፤ ምግብ ይጠላል፤ እግሩም ይገተራል። የተበተነ ማዳበሪያና ኖራም እርጥብ መዳፍ ሲነካቸው ያቃጥላሉ።

5. የውስጥ ሕመም፣ መታሰርና ጭንቀት

አንዳንዴ በመዳፉ ላይ ምንም አይገኝም። ያረጀ ውሻ መገጣጠሚያው ሲያመው ከሕመሙ በላይ ያለውን ቆዳ ይልሳል። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የሚውል ውሻም የሚሠራው ሲያጣ አንድ ቦታ ላይ ምላሱን ይጥላል። ቆዳው እስኪላጥና እስኪወፍር ድረስም ይልሰዋል። ለዚህ ዐይነቱ ፍቱን የሚሆነው ቅባት ሳይሆን ሰንሰለቱን ማርዘም፣ ጥላና ውሃ መስጠት፣ በቀን ጥቂት ጊዜ ፈቶ ማንቀሳቀስ ነው።

6. የእብድ ውሻ በሽታ

ይህን በመጨረሻ ያነሣነው አንባቢው እንዳይረሳው ነው። በበሽታው የተያዘ ውሻ መጀመሪያ ላይ የተነከሰበትን ቦታ አጥብቆ ሊልስ ወይም ሊያኝክ ይችላል። ስለሆነም መላሱ ከጠባይ ለውጥ ጋር ከመጣ፣ ማለትም የሚቀርበው ሰው ሲሸሽ ወይም ያለ ምክንያት ሲናከስ፣ ድምፁ ሲለወጥ፣ መዋጥ ሲያቅተው፣ ከታየ ማንም እንዳይነካው አድርጎ ለእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ ይገባል። እንዲህ ካለ ውሻ አፍ ውስጥ አጥንት ሰንቅሮበታል በሚል እጅ መክተት ሕይወት የሚያሳጣ ስሕተት ነው።

«ምላሱ መድኃኒቱ ነው» ስለሚባለው

ውሻ ቁስሉን በምላሱ ያድናል የሚለው እምነት በአገራችን የቆየ ነው። በወንጌልም ስለ ድሃው አልዓዛር ሲተረክ ውሾች ቁስሉን ይልሱለት እንደ ነበር ተጽፏል። በነገሩ ውስጥ ጥቂት እውነት አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ቤንጃሚን ሃርት እና ካረን ፖውል የተባሉ ተመራማሪዎች የውሻ ምራቅ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን በመጠኑ እንደሚገድል አሳይተዋል። ይሁን እንጂ ሁሉንም አይገድልም። ምላስ ቆሻሻን ይጠርጋል እንጂ ጥርስ ያለውን የገብስ ጢም አይነቅልም፤ ሙጃሌ አያወጣም፤ እከክ አይፈውስም። ከመጠን ያለፈ መላስ ራሱ ቆዳውን ይልጣል።

የሰውን ቁስል ለውሻ ማስላስ ግን ፈጽሞ የተከለከለ መሆን አለበት። የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በምራቅ ነው፤ የተላጠ ቆዳን መላስ እንደ ንክሻ ይቆጠራል። እንዲህ ያጋጠመው ሰው ቦታውን ለ15 ደቂቃ ያህል በሳሙናና በሚወርድ ውሃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

የስሙ ጥፋት

ወደ ዋናው ሐሳባችን እንመለስ። «መድኃኒት» የሚለው ቃል የመጣው ከመዳን ነው፤ የሚያድን ማለት ነው። እኛ ግን የአረም መድኃኒት፣ የተባይ መድኃኒት፣ የአይጥ መድኃኒት፣ የጎተራ መድኃኒት እያልን ሁሉንም በአንድ ስም ጠርተን ለገበሬው አስረከብነው። ገበሬው ቃሉን እንደ ቃሉ ነው የተረዳው። ተባይ የሚገድል መድኃኒት በቤቱ ካለ፣ የውሻውም እግር ተባይ ያለበት ከመሰለው፣ መቀባቱ ከማስተዋል የመነጨ እንጂ የአላዋቂ ሥራ አይደለም። የተሳሳተው ስም ያወጣለት ነው።

ማላታይን ነፍሳትን የሚገድለው የነርቭ ሥርዓታቸውን በማወክ ሲሆን፣ ውሻንና ሰውንም የሚጎዳው በዚያው መንገድ ነው። የለሃጭ መብዛት፣ የሰውነት መንቀጥቀጥ፣ የዐይን ብሌን መጥበብ፣ ተቅማጥና የትንፋሽ ማጠር ምልክቶቹ ናቸው። ከዘይት ጋር መለወሱ ደግሞ በቆዳ በኩል ይበልጥ እንዲገባ ይረዳዋል። ላምባና የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ለብቻቸው ቢሆኑ እንኳ ቆዳ የሚያቃጥሉ፣ ሲላሱም የሚመርዙ ናቸው። ዲዲቲም እ.ኤ.አ. በ2001 በተፈረመውና በ2004 ሥራ ላይ በዋለው የስቶክሆልም ስምምነት መሠረት በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ከመከላከል በስተቀር ለሌላ ሥራ እንዳይውል የታገደ ነው። ከእርሻ የተባረረ መርዝ ለውሻ እግር ቅባት ሊሆን አይገባም።

በመሆኑም በመስክ ቀን፣ በሥልጠና፣ በማኅበር ስብሰባ ሁሉ ስሙን እንድናርም እንጠይቃለን። ጸረ-አረም፣ ጸረ-ተባይ የሚሉት ቃላት በጽሑፍ አሉን፤ በአንደበታችን ግን አልገቡም። እነርሱ ከከበዱ «የአረም መርዝ»፣ «የተባይ መርዝ» ማለት ይቻላል። «መድኃኒት» የሚለው ስም ለሰውና ለእንስሳት ሐኪሞች ይመለስ።

ምን ይደረግ?

ሀ. ለልማት ሠራተኞች

1ኛ. ስለ ውሻ ስትጠየቁ እንደ እኛ ስቃችሁ አትለፉ። የእንስሳት ሐኪም ባትሆኑም መመልከትና ወደሚመለከተው መላክ ትችላላችሁ።

2ኛ. ከመንካታችሁ በፊት የውሻውን ጠባይ ጠይቁ። የተነከሰ ወይም ጠባዩ የተለወጠ ከሆነ አትንኩት። ጤነኛ መስሎ ከታየም ባለቤቱ ይያዘው፤ አፉም በለስላሳ ጨርቅ ይታሰር። ሕመም የያዘው ገራም ውሻ እንኳ ይናከሳል።

3ኛ. አራቱንም መዳፍ በቀን ብርሃን አነጻጽራችሁ ተመልከቱ። በጣቶች መካከል፣ በመርገጫው ሥርና በጥፍሩ ግርጌ እሾህ፣ ቀዳዳ፣ እብጠት ወይም መዥገር ይፈለግ።

4ኛ. መዳፉ ጥቂት ጨው ባለበት ለብ ያለ ውሃ ይታጠብና በጣቶቹ መካከል ሳይቀር በደንብ ይድረቅ። የሚታየውን እሾህ በንጹሕ ወረንጦ ማውጣት ይቻላል። የማይታየውን ግን በምላጭ መቆፈር አይገባም፤ የሐኪም ሥራ ነው። መዥገር በወረንጦ ከቆዳው ሥር ተይዞ ቀጥ ብሎ ይሳባል። ላምባ አይፈስበትም፤ በባዶ ጣትም አይጨፈለቅም።

5ኛ. ሐኪም ካላዘዘ ምንም ነገር አይቀባ። ሐኪም ያዘዘውም ቢሆን እስኪደርቅ ድረስ ውሻው እንዳይልሰው ይጠበቅ። ከካርቶን እንደ ጥሩንባ ተሠርቶ በአንገት ላይ የሚጠለቅ ከለላ ለዚህ ያገለግላል።

6ኛ. መርዝ ተቀብቶ ከተገኘ ጓንት ወይም ፌስታል በእጅ አጥልቆ ወዲያውኑ በብዙ ውሃና በሳሙና ማጠብ፣ እንዳይልስ መከልከል፣ የመርዙን ዕቃ ወይም መግለጫ ይዞ ወደ እንስሳት ክሊኒክ መሮጥ ነው። ወተት መጋት ማርከሻ አይደለም። የሚንቀጠቀጥ እንስሳ ሲጋቱት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ለማላታይን ዐይነቱ መርዝ ሐኪሙ የሚወጋው አትሮፒን የሚባል ማርከሻ አለ፤ በጊዜ ከተደረሰ ያድናል።

ለ. ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

1ኛ. የመርዝ ማስቀመጫው ከዘርና ከእህል የተለየ፣ ቁልፉም በአንድ ኀላፊ እጅ የሚገኝ ይሁን። የወጣው መጠን፣ የወሰደው ሰውና የወሰደበት ምክንያት ይመዝገብ። «ጥቂት ለውሻዬ» የሚል ጥያቄ ሲመጣ መዝጋቢው እምቢ የማለት ሥልጣን ይኑረው።

2ኛ. መርዝ ከዋናው ዕቃው ወደ ሃይላንድ ወይም ወደ ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አይገልበጥ። በመግለጫው ላይ ያለው ቀለም ማስጠንቀቂያ ነው። ቀይ እጅግ አደገኛ፣ ቢጫ ከዚያ ቀጥሎ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ደግሞ አደጋቸው እየቀነሰ የሚሄድ ናቸው። ዕቃው ሲለወጥ ማስጠንቀቂያው አብሮ ይጠፋል።

3ኛ. ባዶ የመርዝ ቆርቆሮ ተቆርጦ የውሻ ውሃ መጠጫ ሲሆን ስንቴ አይተናል! ባዶው ዕቃ ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ የታጠበበት ውሃ ወደ መርጫው ተመልሶ፣ ዕቃው ተበስቶ ይሰብሰብ።

4ኛ. በርጭት ቀን ውሻ በቤት ይታሰር፤ የተረጨው እስኪደርቅም ወደ ማሳ አይግባ። የረገጠ ቢኖር መዳፉ ሳይልሰው በሳሙና ይታጠብ።

5ኛ. የእብድ ውሻ ክትባት ዘመቻ ሲመጣ ማኅበሩ አባላቱን ቀስቅሶ ውሾቹን ያስከትብ፤ የመጋዘኑ ውሻ የመጀመሪያው ይሁን።

ለሚነሣው ተቃውሞ

«ሰው በቅጡ ሳይታከም፣ በሬ በጎፍላ እያለቀ፣ ለውሻ መዳፍ ጊዜ ከየት ይመጣል?» የሚሉን የሥራ ባልደረቦች አሉ። የልማት ሠራተኛው የተሸከመው ሥራ ብዛት አይጠፋንም። ይሁን እንጂ የጠየቅነው አምስት ደቂቃ ማየትን ነው። በበቆሎው ማሳ ዝንጀሮውን፣ ከርከሮውንና ጃርቱን የሚመልሰው፣ በበረቱ በር ጅብ የሚያባርረው ማን ነው? ውሻው እግሩን ታሞ ሲተኛ የማኅበሩ መጋዘንና የገበሬው ማሳ አንድ ጠባቂ ይጎድልባቸዋል። ያንን የጎደለ ሌሊት የሚሞላው የገበሬው ልጅ ነው፤ ሌሊቱን በማማ ላይ አድሮ ጠዋት ትምህርት ቤት ይሄዳል።

ከዚህም በላይ ውሻው በግቢው ውስጥ ለመሬት ቅርብ የሆነ፣ ጫማ የሌለው፣ ያገኘውን በአፉ የሚነካ ፍጡር ነው። በዚህ ሁሉ የሚመስለው ገና በዳዴ የሚሄድ ሕፃን ነው። በውሻው መዳፍ ላይ ዛሬ የታየ ሙጃሌ፣ መንጠቆ ትል ወይም የፈሰሰ መርዝ ነገ የሕፃኑን እጅና እግር ይፈልጋል። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይባላል። መርዝ ያለ ቁጥጥር ከመጋዘን ወጥቶ ለውሻ እግር የደረሰበት ቀዳዳ፣ በልጆች ራስ ላይ ለቅማል የሚነሰነስበትም ቀዳዳ ነው። ውሻው የሚያሳየን ያንን ቀዳዳ ነው።

ማጠቃለያ

ውሻ መዳፉን የሚልስባቸው ምክንያቶች ብዙ ቢሆኑም ለሁሉም የመጀመሪያው እርምጃ አንድ ነው፤ ይኸውም ጎንበስ ብሎ መመልከት ነው። ከተመለከቱ በኋላ አብዛኛው በውሃ፣ በጨው፣ በወረንጦና በንጹሕ ወለል የሚቃለል ነው። የቀረው ለሐኪም ነው። ከእርሻ መጋዘን የሚወሰድ ግን ምንም የለም።

ለእኛ ለሰብል ባለሙያዎች ደግሞ የቀረብን ዕዳ አለ። አዛውንቱ የተናገሩት እውነት ነበር፤ መርዙን መድኃኒት ብለን ያመጣንላቸው እኛው ነን። ውሻቸውን ልንመልስላቸው አንችልም። ስሙን ግን ማረም እንችላለን፤ ይህም ከሚቀጥለው የመስክ ቀን ይጀመር። ጣሳውን ከፍ አድርገን ለተሰበሰበው ገበሬ ስናሳይ ከአፋችን የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል «ይህ መርዝ ነው» የሚል ይሁን። አጠቃቀሙን ከዚያ በኋላ እናስተምራለን።